ፊልትሮ ታጥቦ ይሰራል ወይስ ይቀየር? የኮምፕረሰር ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ንፋስ ናቸው። ክረምት ስለሆነ አይገርምም፣ ኮምፕረሰር ያለው ሰው ሁሉ ውሃ አስቸገረኝ እያለ ነው። አራቱን መርጠን እንመልሳለን፣ ሌሎቻችሁም ተመሳሳይ ነገር ስለጠየቃችሁ መልሳችሁን እዚሁ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ ከቃሊቲ

ጋሼ ሰላም ነዎት? ቃሊቲ ላይ የላሜራና የቀለም ቤት አለኝ፣ የምጠቀመው ባለ 300 ሊትር ታንክ ፒስተን ኮምፕረሰር ነው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ቀለም ስረጭ ክብ ክብ እየሰራ ይሸሻል፣ አንዳንዴ ደግሞ ጥሩ ሆኖ ይደርቅና መኪናው ከወጣ በኋላ ፊኛ ፊኛ አወጣ ብለው ይመልሱልኛል። ታንኩ ላይ የታሰረች ፊልትሮ አለችኝ፣ ኤለመንቷን (ውስጧ ያለውን ማጣሪያ) ቀየርኩ፣ ደግሜም ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። አሁን መርካቶ አንድ ልጅ 0.01 ማይክሮን የሚባል አለ እሱን ውሰድ አለኝ፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። ልግዛው ወይ?

መልስ

አትግዛ ወንድሜ፣ ቢያንስ አሁን አትግዛ። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ፊልትሮው የሚይዘው ነገር ደቃቅ ነው። ያስቸገረህ ፊልትሮዋ ሳትሆን የታሰረችበት ቦታ ነው። ፊልትሮ የሚይዘው ጠብታ ሆኖ የመጣለትን ውሃና ዘይት ነው፣ በእንፋሎት መልክ የመጣውን 0.01 ይሁን ሌላ አይዘውም፣ ከአየሩ ጋር ሰተት ብሎ ያልፋል። ኮምፕረሰሩ ሲሰራ ካረፈደ በኋላ ታንኩን በእጅህ ንካው፣ ይሞቃል አይደል፣ ያ የሞቀ አየር ውሃውን በእንፋሎት ይዞ ፊልትሮዋን አልፎ የንፋስ ጎማው (ቱቦው) ውስጥ ሲገባ ነው የሚቀዘቅዘውና ውሃ የሚሆነው፣ ከዛ በኋላ ደግሞ ከፊቱ የሚጠብቀው ስፕሬይ ጋንህ ብቻ ነው። ስለዚህ አስር ጊዜ ኤለመንት ብትቀይር ያው ነው።

ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ ካልክ በቁጥር እንየው። እኛ ያለነው ከባህር ወለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ እዚህ የአየሩ ግፊት ወደ 0.77 ባር ነው፣ ባህር ዳርቻ ላይ 1 ባር ይሆናል። ጌጅ የሚቆጥረው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ፣ ጌጅህ 7 ባር እንዲያነብ አየሩ እዚህ ወደ 10 እጥፍ መታመቅ አለበት፣ ጅቡቲ ላይ ቢሆን 8 እጥፍ ይበቃው ነበር (አዲስ አበባ ላይ ኮምፕረሰር ቶሎ የሚግለውም አንዱ በዚህ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ቻይና ስለሆነ ነው ይላል)። አሁን 20 ዲግሪ ላይ እርጥበቱ 80 ከመቶ የሆነ አየር፣ የነሐሴን አየር አስበው፣ በአንድ ሜትር ኩብ 14 ግራም ገደማ ውሃ አለው። 10 ሜትር ኩቡን 1 ሜትር ኩብ ውስጥ ስታጭቀው 140 ግራም ውሃ አብሮ ገባ ማለት ነው፣ ሲቀዘቅዝ ግን ያ አንድ ሜትር ኩብ በ20 ዲግሪ ከ17 ግራም በላይ አይሸከምም። የተረፈው 120 ግራም የሚሆነው የግድ ውሃ ሆኖ አንድ ቦታ ይወርዳል። በደቂቃ 300 ሊትር የሚስብ ኮምፕረሰር 10 ሜትር ኩብ ለመሳብ የሚፈጅበት 33 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሲሰራ ስንት እንደሚሆን አንተ ደምረው።

መፍትሄው ግን እዳው ገብስ ነው። አየሩ ፊልትሮው ጋ ሳይደርስ ይቀዝቅዝ፣ በቃ። ከታንኩ ወጥቶ 7 ወይም 8 ሜትር የብረት ቧንቧ በግድግዳው ላይ ይሂድልህ፣ በየሜትሩ 1 ወይ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ታች የሚወርድ አጭር ጭራ ይኑረውና ጫፉ ላይ ሩቢኔቶ ግጠምለት፣ ውሃው እዛ ይጠራቀማል። ወደ ፊልትሮው የምትወስደውን መስመር ከቧንቧው በላይ በኩል ጥለፈው፣ ወደ ላይ ወጥቶ ታጥፎ ይውረድ፣ ከስር ከጠለፍከው ውሃውን ለራስህ ጋበዝከው ማለት ነው። መዳብ ከተገኘ አሪፍ ነው፣ ጋልቫናይዝድም ይሰራል፣ ዝገት ቢያመጣ ፊልትሮው ይይዘዋል። ነጩን የፒቪሲ የውሃ ቧንቧ ግን ርካሽ ነው ብለህ እንዳታስበው፣ የታመቀ ንፋስ ይዞ ሲፈነዳ ተሰንጥቆ ዝም አይልም፣ ስብርባሪው ተፈናጥሮ ዓይን ያጠፋል።

ታንኩ ስር ያለችውን ሩቢኔቶ ደግሞ ሁሌ ማታ ስራ ስትጨርስ ክፈታት። ብዙ ጋራዥ ውስጥ ያቺ ሩቢኔቶ ከታንኩ ጋር አብራ ቀለም ተቀብታ ነው የማገኛት፣ ከተገዛች ጀምሮ የነካት የለም ማለት ነው እንግዲህ።

ፊልትሮዋን ነቅለህ የቧንቧው መጨረሻ ላይ፣ ስፕሬይ ጋኑ ያለበት ክፍል መግቢያ ላይ እሰራት። ይሄን ሁሉ ካደረግክ በኋላ 0.01ዱን መግዛት ትችላለህ፣ ለቀለም በእርግጥ ያስፈልጋል፣ ግን ለብቻው እንዳይሆን፣ ከፊቱ 5 ማይክሮን አድርግለት። አለበለዚያ ውዱ ኤለመንት የታንክ ዝገት ሲለቅም ቶሎ ይደፈናል።

ፊኛ ፊኛ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነው። ክብ ክብ እየሰራ የሚሸሸው ግን ዘይት ነው ወይ ሲሊኮን፣ እሱን ለይ። ንጹህ መስታወት ውሰድና ቀለም የሌለበትን ንፋስ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ንፋበት፣ ከዛ በጣትህ አሻሸው፣ ቅባት ቅባት ካለ ዘይቱ ከኮምፕረሰሩ እየመጣ ነው፣ የፒስተኑን ፋሻ (ቀለበቱን) አሳይ። መስታወቱ ንጹህ ከሆነ ኮምፕረሰሩን ተወውና ቤቱን መርምር፣ ዳሽቦርድ የሚወለውልበት ወይ ጎማ የሚያብረቀርቅበት ስፕሬይ ቀለም ቤቱ አጠገብ የሚነፋ ሰው ይኖራል፣ አብዛኛው ሲሊኮን አለበት። የፊልትሮውን ኦሪንግ (የጎማ ቀለበቱን) ስትቀባም እንደዛው፣ የሲሊኮን ግሪስ ቀለም ቤት አይገባም፣ ቫዝሊን በስሱ ቀባ አድርገው ይበቃዋል።

ጥያቄ ከገላን

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ገላን አካባቢ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሜንቴናንስ ነኝ። 37 ኪሎዋት ስክሩ ኮምፕረሰር አለን፣ ከማድረቂያው በፊትም በኋላም ፊልትሮ አለው። ኤለመንቶቹ ከተቀየሩ 2 ዓመት አልፏቸዋል። የመጀመሪያውን ከፍቼ ሳየው ዘይት ጠጥቶ ርሶ ነው ያገኘሁት፣ ለአለቃዬ ይቀየር ስለው በቤንዚን አጥባችሁ በንፋስ አራግፋችሁ መልሱት ይላል፣ ዶላር የለም ምናምን። ደግሞ እላዩ ላይ ያለችው አረንጓዴና ቀይ ጌጅ ሁሌ አረንጓዴ ላይ ናት፣ እሷን እያሳየ ምን ሆነ ይለኛል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ

ይቀየር ማለትህ ልክ ነው፣ ምክንያትህ ግን ልክ አይደለም። ይሄ ዓይነቱ ኤለመንት መራስ አለበት። ውስጡ እጅግ የቀጠነ የመስታወት ክር ነው፣ አየሩ ከመሃል ገብቶ ወደ ውጭ ይወጣል፣ በዚህ መሃል የዘይቱ ጭጋግ ክሩ ላይ እየተያዘ አንዱ ጠብታ ከሌላው እየተጋጠመ ያድጋል፣ እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው ላይ እንፋሎቱ ተጠራቅሞ ጠብ ጠብ እንደሚለው ማለት ነው፣ ከዛ በክብደቱ ከፊልትሮው ስር ወዳለው ጽዋ ይወርዳል። ስለዚህ የታችኛው ክፍል ርሶ ብታየው ስራውን እየሰራ ነው። እስከ ላይኛው ጫፍ ድረስ ከራሰ ግን ወይ የውሃ ማስወጫው ተደፍኖ ጽዋው ሞልቷል ወይ ኮምፕረሰሩ ከልኩ በላይ ዘይት እየሰደደ ነው። መጀመሪያ ማስወጫውን እይ፣ ውስጡ ያለችው ተንሳፋፊ ኳስ በዘይት ጭቃ ተጣብቃ ትቆማለች፣ በጣም የተለመደ ነው።

ማጠቡን በተመለከተ አለቃህ ተሳስቷል። ቤንዚን ማጣበቂያውን ይፈታዋል፣ ክሩን ያፈናቅለዋል፣ በንፋስ ስታራግፈው ደግሞ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ይከፍታል፣ ከዛ በኋላ ያለህ ፊልትሮ የሚመስል ነገር ነው። ቤንዚን የነካው ነገር መልሶ የታመቀ ንፋስ መስመር ውስጥ መክተት ደግሞ እሳትም መጥራት ነው። የሚታጠብ ኤለመንት የለም አይደለም፣ የነሐስ ዱቄት ተጋግሮ የሚሰራው አለ፣ እንደ ወርቅ ቢጫ ብሎ የሚያበራው፣ እሱ ይታጠባል፣ የሚይዘው ግን ሸካራ ቆሻሻ ነው። ነጭ ሆኖ ላዩ ስፖንጅ የለበሰው የዘይት ፊልትሮ አይታጠብም፣ አለቀ።

ጌጇ ጋ እንምጣ። እሷ የምታነበው በፊልትሮው መግቢያና መውጫ መሃል ያለውን የግፊት ልዩነት ነው፣ ልዩነት የሚኖረው ደግሞ አየር ሲፈስ ብቻ ነው። ማሽን ሁሉ ቆሞ፣ ሰው ምሳ ወጥቶ ብታያት በጭቃ የተደፈነ ኤለመንትም አረንጓዴ ያሳይሃል። ሁሉም መስመር ሙሉ በሙሉ ሲሰራ ነው የምታያት። ደህና ኤለመንት በስራ ላይ ርሶ እያለ 0.1 ወይ 0.2 ባር ይበላል፣ 0.5 ባር አካባቢ ሲደርስ ይቀየራል፣ ባይደርስም ደግሞ ዓመት ሲሞላው ይቀየራል፣ ምክንያቱም ክሩ ያረጃል። ቀስ እያለ ሲጨምር የነበረ ልዩነት አንድ ቀን ድንገት ወደ ዜሮ ከወረደ ተሻለው ብለህ ደስ እንዳይልህ፣ ተቀዷል። 2 ዓመት ሙሉ ንቅንቅ ያላለች ጌጅም ታጠራጥራለች፣ ወይ መርፌዋ ተጣብቋል፣ ወይ ኤለመንቱ ተቀዷል፣ ወይ ባለፈው የቀየረው ሰው ኦሪንጉን ረስቶት አየሩ በጎን እያለፈ ነው።

ለአለቃህ ግን ስለ ክርና ስለ ጭጋግ አታውራለት፣ ስለ መብራት ቆጣሪ አውራለት። 7 ባር አካባቢ በሚሰራ ኮምፕረሰር ላይ ግፊቱን 1 ባር ከፍ ማድረግ ወደ 7 ከመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። የተደፈነ ኤለመንት 0.5 ባር ሲበላባችሁና ማሽኖቹ ንፋስ አነሰን ሲሉ ኮምፕረሰሩን ከፍ ታደርጉታላችሁ፣ ሁሉም የሚያደርገው እሱን ነው፣ ያ 3.5 ከመቶ ማለት ነው። 37 ኪሎዋት በዓመት 4,000 ሰዓት ሙሉ ጭነት ላይ ቢሰራ 148,000 ኪሎዋት ሰዓት ይወጣዋል፣ 3.5 ከመቶው ከ5 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። በምትከፍሉት ታሪፍ አባዛና ከኤለመንቱ ዋጋ አጠገብ ጽፈህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለት።

ስትቀይር መስመሩን በሁለቱም በኩል ዝጋ፣ በማስወጫው አተንፍሰው፣ የመስመሩ የግፊት ጌጅ (አረንጓዴና ቀይዋ አይደለችም) ዜሮ ማለቱን እይ፣ ከዛ ጽዋውን ፍታ። በእጅ እምቢ ካለህ ቱቦ ኪያቤ ከማምጣትህ በፊት ግፊት እንዳልቀረ ደግመህ አረጋግጥ፣ እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ ለዛ ነው።

አሮጌውን ከመጣልህ በፊት ደግሞ ብርሃን ላይ አውጥተህ እየው፣ እኔ በበኩሌ ከጌጁ ይልቅ እሱን አምናለሁ። ቡናማ ዱቄት ካለበት ታንኩ ወይ ቧንቧው ውስጥ ዝገት አለ። ጥቁር፣ የተቃጠለ ዘይት የሚሸት ከሆነ ኮምፕረሰሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው፣ የማቀዝቀዣውን ራዲያተር አጽዱ። ወተት የመሰለ ዝቃጭ ከሆነ ውሃና ዘይት ተደባልቋል፣ ከፊት ያለው ውሃ መለያ አይሰራም። ማድረቂያችሁ እርጥበት በሚስብ ፍሬ የሚሰራው ዓይነት ከሆነና ከሱ በኋላ ያለው ፊልትሮ ላይ ነጭ ዱቄት ካገኘህ ፍሬው እየተፈጨ ነው።

የከሰል ፊልትሮ ካላችሁ እሱ ከነዚህ ሁሉ ይለያል፣ ጠግቦም ግፊት አይቀንስም፣ ጌጅ አይነግርህም። በሰዓት ቆጥረህ ነው፣ ብዙውን ጊዜ 1,000 ሰዓት ወይ 6 ወር፣ ከፊቱ ያለው የዘይት ፊልትሮ ካልሰራ ግን በጣም ቶሎ ይበላሻል።

ግዢ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የፊልትሮው አካል ላይ የተለጠፈውንም ጽሁፍ በስልክ ፎቶ አንሱት። መርካቶ ቁመቱና ውፍረቱ አንድ ሆኖ ማይክሮኑ የማይገናኝ ኤለመንት ሞልቷል። ጫፉ ላይ ያለው ፕላስቲክ በሙጫ ዙሪያውን መያዙን፣ ኦሪንጉ መቀመጫው ውስጥ ጥብቅ ማለቱን እዛው ሱቅ ላይ እየው፣ የሚላላ ከሆነ መልሰው፣ ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ።

ጥያቄ ከለገጣፎ

ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። ትንሽ የቤት ዕቃ መስሪያ አለኝ፣ ቫርኒሽ የምንረጨው በኮምፕረሰር ነው። የፊልትሮዋ ብርጭቆ ቆሽሾ አላሳይ ስላለኝ ልጆቹ በቲነር አጠቡልኝ፣ አሁን ጸድታለች ግን ሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ወጣባት። ችግር አለው?

መልስ

አለው እህቴ፣ ዛሬውኑ አውርጃት። ብርጭቆ ትመስላለች እንጂ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ናት፣ ቲነር፣ አሴቶን፣ ቤንዚን ውስጧን ይሰነጣጥቀዋል። ያየሽው ድር መሰንጠቅ የጀመረችበት ነው፣ ከዛ ወዲህ 7 ባር ይዛ መቼ እንደምትፈነዳ ማንም አያውቅም። አዲስ ጽዋ ብቻውን ካልተገኘ ፊልትሮውን በሙሉ ቀይሪው፣ የአንቺ ቤት ቫርኒሽና ቲነር የሚነፋበት ስለሆነ የብረት ጽዋ ያለው ቢሆን ይመረጣል፣ ካልሆነ ግን ቢያንስ የብረት መከላከያ ያጠለቀ ይሁን። የፕላስቲኩ የሚታጠበው ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ብቻ ነው።

ሳልረሳው፣ የኮምፕረሰሩን መሳቢያ ፊልትሮ አይተሽው ታውቂያለሽ? የኮምፕረሰሩ ራስ ላይ ያለችው ክብ ነገር። የእንጨት ብናኝ ባለበት ቤት እሷ በሳምንት ትደፈናለች፣ ስትደፈን ኮምፕረሰሩ አየር ሲያጣ በፋሻው በኩል ዘይት ይስባል፣ ያ ዘይት ቫርኒሽሽ ላይ ይመጣል። እሷ ወረቀት ከሆነች ከ2 ባር በማይበልጥ ንፋስ ከውስጥ ወደ ውጭ መንፋት ይቻላል፣ ጥቂት ጊዜ ከተነፋች በኋላ ትቀየር። ቢቻል ኮምፕረሰሩ መጋዙ ካለበት ክፍል ይውጣ፣ ዝናብ በማይደርስበት ጣሪያ ስር።

ጥያቄ ከዱከም

ሲኖ ነው የማሽከረክረው፣ አሸዋና ገረጋንቲ ነው የምንጭነው። የንፋስ ማድረቂያው ፊልትሮ መቼ ነው የሚቀየረው? ረዳቴ የንፋስ ታንኩን ሲከፍተው ውሃ ወጣ፣ እስካሁን ግን ፍሬኑ ይይዛል።

መልስ

እስካሁን ይይዛል የሚለው ቃል አልተመቸኝም፣ ቁልቁለት ላይ ገረጋንቲ ጭነህ። ማድረቂያው ደህና ከሆነ ታንኩ ውስጥ ውሃ ሊኖር አይገባም። ውሃ ካለ ፊልትሮው ውስጥ ያለው እርጥበት የሚስበው ፍሬ ሞቷል፣ ይቀየር። እንደ መኪናው መመሪያ ቢለያይም ብዙዎቹ በ1 ወይ በ2 ዓመት ይላሉ፣ አንተ ቀኑን ሙሉ እየነዳህ፣ እያቆምክ፣ አቧራ ውስጥ ስለምትውል አጭሩን ያዝ።

ከታንኩ የወጣው ምን እንደሆነ ግን በእጅህ አሻሸው። ውሃ ብቻ ከሆነ ፊልትሮውን ቀይረህ ጨረስክ። ጥቁር ቅባት ካለው ግን የሞተሩ የንፋስ ኮምፕረሰር ፋሻው አልቋል ማለት ነው፣ እሱ ሳይሰራ አዲስ ፊልትሮ ብትገጥም ዘይቱ ፍሬውን ለብሶ በወራት ይገድለዋል። ዘይት የሚለይ ፊልትሮ የተገጠመለት መኪና አለ፣ ያንተ እሱ ከሆነ ተመሳሳዩን ግዛ፣ ርካሹ ተራው ጥርሱ ቢገጥምም አይተካውም።

አሰራሩ ቀላል ነው፣ ሜዳ ላይ አቁም፣ ጎማ ስር ድንጋይ አድርግ፣ ሞተር አጥፋ፣ ታንኮቹን ሁሉ አተንፍስ። ንፋሱ ሲያልቅ የኋላው ፍሬን በስፕሪንግ ስለሚያዝ መኪናው አልንቀሳቀስ ቢልህ አትደንግጥ። የድሮውን ፍታ፣ መቀመጫውን በንጹህ ጨርቅ ጥረግ፣ የድሮው የፊልትሮው የጎማ ቀለበት እዛው ተጣብቆ እንዳይቀር እይ፣ በሁለት ቀለበት ላይ ከታሰረ ይነፍሳል። አዲሱን ቀለበት በስሱ ቅባና ፊልትሮውን በእጅ እሰር። ከዛ ሞተር አስነስተህ ንፋሱ ሲሞላ ማድረቂያው ጭስስ ብሎ ይተነፍሳል፣ በዙሪያው የሳሙና ውሃ ቀባበት፣ አረፋ ከሰራ ትንሽ ጥበቅ አድርገው። ከሳምንት በኋላ ታንኩን መልሰህ ክፈተው፣ ደረቅ መሆን አለበት፣ አሁንም ውሃ ካለ የማድረቂያው መተንፈሻ ቫልቭ ተጣብቋልና እሱን አስፈትሽ።